ቅዱስ ጽሑፍ፣ ትውፊትና ልቦለድ፦ የአንድ ሊቅ መጻሕፍት እንዴት ይነበባሉ?

ሞንታግ ሮድስ ጄምስ በ1862 ተወልዶ በ1936 ያረፈ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። የካህን ልጅ ነበር፤ በካምብሪጅ የኪንግስ ኮሌጅ፣ ኋላም ስመ ጥር በሆነው የኢተን ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ ሆኖ አገልግሏል። ዕድሜውን የፈጀው ግን በብራና መጻሕፍት መካከል ነው። የካምብሪጅ ኮሌጆችን ብራናዎች አንድ በአንድ እያገላበጠ መቼ እንደ ተጻፉ፣ ከየት እንደ መጡና ምን እንደያዙ የሚያስረዱ ዝርዝሮችን አዘጋጅቷል። በ1924 ደግሞ ከአዲስ ኪዳን ውጭ የቀሩ ጥንታዊ ወንጌሎችን፣ የሐዋርያት ታሪኮችንና ራእዮችን በአንድ ቅጽ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመ። ይኸው ሰው በ1904፣ በ1911፣ በ1919 እና በ1925 የወጡ አራት የአስፈሪ ታሪኮች መድበሎች ደራሲ ነው፤ ዛሬ ብዙ አንባቢ የሚያውቀውም በእነዚህ ነው።

ይህ በአማኝ ዘንድ ተገቢ ጥያቄ ያስነሣል። የጥንት ጽሑፎችን እውነተኛነት ሲመረምር የኖረ ሰው የሌለ ጋኔን ፈጥሮ እንዴት ይጽፋል? በልቦለዱ ውስጥ የምናገኘው መንፈስ ከጥንታዊው ጽሑፍ የተቀዳ ነውን ወይስ የራሱ ፈጠራ? ጥያቄው ክርስቲያኑን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ጄምስ ካጠናቸው ትውፊቶች ብዙዎቹ በእስልምናም ውስጥ የሚቀራረቧቸው ታሪኮች ስላሏቸው ሙስሊሙንም ይመለከታል። ለመልሱ መነሻ የሚሆነው ሦስት የጽሑፍ ዓይነቶችን ለይቶ ማየት ነው። አንደኛው አማኞች የአምላክ ቃል ብለው የተቀበሉት ቅዱስ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው በቅዱስ ጽሑፉ ዙሪያ ያደገ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ትውፊት ነው። ሦስተኛው ደራሲው ፈጠራ መሆኑን እያወቀ፣ አንባቢውም እንዲያውቅለት እየፈለገ የሚጽፈው ልቦለድ ነው። አንድ ስም ወይም አንድ ታሪክ በሦስቱም ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ መደናገሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማሳያ ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቅርብ የሚያውቀው የአቤሜሌክ ታሪክ ይመስለኛል። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነቢዩን ጭቃ ከሞላበት ጉድጓድ በገመድ አስጎትቶ ያወጣዋል፤ በምዕራፍ 39 ደግሞ እግዚአብሔር ኢየሩሳሌም በምትወድቅበት ቀን አቤሜሌክን እንደሚያድነው ቃል ይገባለታል። እንዴት እንደ ዳነ ግን ትንቢቱ አይናገርም። ያን የሚተርከው ተረፈ ባሮክ ነው። ኤርምያስ አቤሜሌክን ለሕሙማን የሚሆን በለስ እንዲያመጣ ወደ አግሪጳ የአትክልት ቦታ ይልከዋል። አቤሜሌክም በለሱን ይዞ ሲመለስ ፀሐይ ስለ በረታበት ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ሊያርፍ ጋደም ይላል፤ እዚያው 66 ዓመት ይተኛል። ሲነቃ እንቅልፉን ያልጠገበ ይመስለዋል፤ ከቅርጫቱ ያለው በለስም ገና ወተቱን ያንጠባጥባል። ወደ ከተማዪቱ ሲገባ ቤቱንም ሰፈሩንም ለይቶ ማወቅ ያቅተዋል፤ መንገድ የሳተ መስሎት ወጥቶ ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ 66 ዓመት እንደሆነው ይነግረዋል፤ ወራቱ የበለስ ወራት አለመሆኑን የሚያውቀው ያ ሽማግሌም ትኩሱን በለስ አይቶ ተአምሩን ያምናል።

ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚነበብ ነው፤ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት አይቆጥሩትም። ስለዚህ «ቅዱስ ጽሑፍ ነው ወይስ ትውፊት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ በጠያቂው ማኅበረ ምእመናን ላይ የተመሠረተ ነው፤ አጥኚው በራሱ ሥልጣን የሚወስነው ጉዳይ አይደለም። ጄምስም ከዚህ መጽሐፍ ጋር የተዋወቀው ገና በኢተን ተማሪ ሳለ ነው። ጀርመናዊው የግእዝ ሊቅ ኦገስት ዲልማን የግእዙን ንባብ በ1866 አሳትሞት ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ጄምስም ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ተረጎመው። ሁለቱ ልጆች ትርጉሙን ለንግሥት ቪክቶሪያ ልከው መታሰቢያነቱን እንድትቀበል ለመኗት፤ የትምህርት ቤታቸው ኃላፊ በድፍረታቸው አልተደሰተም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማየው ትልቅ ነገር አለ፦ በኋላ ላይ የመላው አውሮፓን ብራናዎች የመረመረ ሊቅ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ዳር ወዳለው ዓለም የገባው ከመጀመሪያዎቹ በሮች በአንዱ፣ በግእዝ በኩል ነው።

በቁርአን፣ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 259፣ ስሙ ያልተጠቀሰ ሰው በፈራረሰች ከተማ በኩል ሲያልፍ አላህ ይህችን ከሞተች በኋላ እንዴት ሕያው ያደርጋታል ብሎ ይጠይቃል። አላህም መቶ ዓመት አሙቶ ያስነሣዋል። ምን ያህል እንደቆየ ሲጠየቅ አንድ ቀን ወይም የቀኑን ከፊል ብቻ የቆየ ይመስለዋል፤ ምግቡና መጠጡ ሳይለወጥ ያገኘዋል፤ የአህያው አጥንት ግን በፊቱ ተገጣጥሞ ሥጋ ሲለብስ ያያል። ሰውየው ማን ነበር ለሚለው ብዙ የተፍሲር (የቁርአን ትርጓሜ) ሊቃውንት ዑዘይር (ዕዝራ) ነው ይላሉ፤ የመኑ ወህብ ኢብን ሙነቢህ ግን ኤርምያስ ነው ማለቱ ተዘግቧል። በ923 ያረፈው ታላቁ ሙፈሲር አጥ-ጠበሪ ሁለቱንም አስተያየት ከጠቀሰ በኋላ የሰውየውን ስም የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ማስረጃ እንደሌለ፣ የአንቀጹም ዓላማ ስሙን ማሳወቅ እንዳልሆነ ያስረዳል። ይህ የጠበሪ ጥንቃቄ እጅግ የሚደነቅ ነው።

የሁለቱን ታሪኮች መቀራረብ ያየ ሰው «አንዱ ከሌላው ገልብጧል» ወደሚል ፍርድ ሊቸኩል ይችላል። የሃይማኖት ታሪክ ጥናት ግን ተመሳሳይነት ብቻውን የመነሻውንና የመድረሻውን አቅጣጫ እንደማያሳይ ያስተምራል። ከረጅም እንቅልፍ ወይም ከሞት ነቅቶ ዓለም ተለውጦ የሚያገኝ ሰው ታሪክ በሶርያ፣ በኢራቅና በዓረብ ምድር በአይሁድም በክርስቲያኖችም በሙስሊሞችም ዘንድ ሲነገር ኖሯል። በክርስትና የኤፌሶን ሰባቱ ደቂቅ፣ በቁርአን ደግሞ በሱረቱል ከህፍ ሦስት መቶ ዓመትና ዘጠኝ የተኙት ወጣቶች የዚሁ ማስረጃ ናቸው። ሙስሊሙ የቁርአኑን ቃል ወሕይ (ከአላህ የወረደ ቃል) ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ክርስቲያኑም ስለ መጽሐፉ የራሱ እምነት አለው። አጥኚ ስለ አምላካዊ ምንጭ ሊፈርድ መሣሪያ የለውም፤ የሚችለው ታሪኩ በየቦታው ምን ሥራ እንደሚሠራ ማሳየት ነው። እዚህ ላይ ልዩነቱ ከተመሳሳይነቱ ይልቅ ብዙ ያስተምራል። በተረፈ ባሮክ እንቅልፉ ምሕረት ነው፤ ነቢዩን ከጉድጓድ ያወጣ ደግ ሰው የከተማዪቱን ጥፋት እንዳያይ ተሰወረ። በቁርአን ግን ሰውየው በእርግጥ ይሞታል፤ ታሪኩም ሙታን እንደሚነሡ የሚያስረዳ ምልክት ነው።

ቅዱሱን ጽሑፍ ከትውፊቱ የመለየት ሥራ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የተፈለሰፈ አለመሆኑን መናገር ያስፈልጋል። የእስልምና ሊቃውንት ከአይሁድና ከክርስቲያኖች የመጡ ትረካዎችን ኢስራኢሊያት እያሉ ለብቻ ያስቀምጧቸዋል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ኢብን ከሢር በተፍሲሩ መግቢያ በሦስት ይመድባቸዋል፦ ቁርአንና ሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) እውነተኛነቱን የሚያረጋግጡለት፣ ውሸትነቱ የሚታወቅ፣ ከሁለቱም ያልሆነና የማይታመንም የማይስተባበልም። የመጨረሻው በሐዲስ ሰብሳቢው በቡኻሪ ከተዘገበው፣ የመጽሐፉን ሰዎች ወሬ አታረጋግጡም አታስተባብሉም ከሚለው ነቢያዊ መመሪያ ጋር ይስማማል። ልቦለድንም ቢሆን ለይተው ያውቁት ነበር። የባግዳዱ መጽሐፍ ነጋዴ ኢብን አን-ነዲም በ987 ባዘጋጀው ታላቅ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ በኋላ ለሺህ አንድ ሌሊት ታሪኮች መሠረት የሆነውን የፋርስ ተረት መጽሐፍ ከሌሊት ጨዋታ መጻሕፍት ጋር አስቀምጦ፣ ፍሬ የሌለው ቀዝቃዛ ወሬ ነው ብሎ ነቅፎታል። ነቀፋው ያከራክር ይሆናል፤ አመዳደቡ ግን ትክክል ነው።

በሦስቱም ዓይነት ጽሑፎች ውስጥ በሰፊው የሚዘዋወረው ግን ንጉሥ ሰሎሞን ነው። በቁርአን ነቢዩ ሱለይማን ጂኖች ይገዙለታል፤ በሱረቱ ሰበእ አንቀጽ 13 እንደ ተገለጸው የፈለገውን ይሠሩለታል፤ በቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ በበትሩ ተደግፎ ሲሞት ምስጥ በትሩን በልቶት እስኪወድቅ ድረስ ጂኖቹ መሞቱን አላወቁም፤ የሩቁን ምስጢር የማያውቁ መሆናቸውም በዚህ ተጋለጠ። በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 102 ደግሞ ቁርአን ሱለይማንን ከድግምት ክስ ነጻ ያደርገዋል። በክርስትናው ዘርፍ በግሪክኛ የተጻፈ፣ የሰሎሞን ኑዛዜ የሚባል ጥንታዊ ጽሑፍ አለ፤ በዚያ ሰሎሞን በቀለበቱ ኃይል አጋንንትን አንድ በአንድ እያስጠራ ስማቸውንና ሥራቸውን ይመረምራል፤ ቤተ መቅደሱንም ያሠራቸዋል። በአገራችንም መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው የግእዝ ጸሎት በክታብ ላይ ሲጻፍ ኖሯል፤ በዚያ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ይይዛቸዋል። እነዚህን የጻፉና የያዙ ሰዎች ልብ ወለድ እየጻፉ አልነበረም፤ ከበሽታና ከክፉ መንፈስ ለመጠበቅ ያመኑበትን ነው የጻፉት። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እንዲህ ያለውን ልማድ መንቀፉ ጽሑፉን ልቦለድ አያደርገውም።

ጄምስ ስለ ሰሎሞን ኑዛዜ የጻፈ ሊቅ ነው። የመጀመሪያውን አስፈሪ ታሪኩን በ1893 በካምብሪጅ ለወዳጆቹ ሲያነብም ያንኑ ዕውቀት ተጠቅሞበታል። በታሪኩ አንድ የካምብሪጅ ሰው በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው ሰን በርትራን ደ ኮማንዥ የተባለች ትንሽ ከተማ ካለው ካቴድራል ጠባቂ አንድ የድሮ መጽሐፍ ይገዛል። መጽሐፉ አንድ የጥንት ካህን ከየብራናው እየቀደደ የለጠፋቸውን ገጾች የያዘ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሰሎሞን ከሌሊት ጋኔን ጋር ሲከራከር የሚያሳይ ሥዕል አለ። ሌሊቱን በሥዕሉ ያለው ፍጡር ከሰውየው አጠገብ ይገኛል። ከተማዪቱ እውነተኛ ናት፤ ሰሎሞን አጋንንትን ሲመረምር የሚያሳየውም ትውፊት እውነተኛ ትውፊት ነው። ሥዕሉ፣ ካህኑና በላቲን የተጻፈው ክርክር ግን ከጄምስ አእምሮ የወጡ ናቸው። የልቦለዱ ኃይል የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ደራሲው የብራና ዝርዝር ሲያዘጋጅ የሚጠቀምበትን ዓመተ ምሕረት፣ የላቲን ጥቅስና የቦታ ስም ለፈጠራው ስለሚሰጠው አንባቢው ማስረጃ ያየ ይመስለዋል። ስለዚህ የጄምስን ታሪክ ያነበበ ሰው «እንዲህ የሚል ጥንታዊ ጽሑፍ አለ» ብሎ ለሌላው ከማስተላለፉ በፊት በጥናት መጻሕፍቱ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት።

በመናፍስት ታምናለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅም ጄምስ የመለሰው እንደ አጥኚ ነው። በ1931 በታተመው የታሪኮቹ ስብስብ መግቢያ ማስረጃውን ለመመርመርና ካሳመነው ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ጽፏል። ይህ መልስ አንዳንዱን አላረካም፤ እኔ ግን ልቦለድ ጻፈ ማለት ልቦለዱን ትምህርተ ሃይማኖት አደረገው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም። በታሪኮቹ ውስጥ የጥንቆላ ሙያ ቃላትን ማብዛት እንደማይወድም ተናግሯል። መናፍስቱ ክፉዎች ናቸው፤ የሚቀሰቅሳቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተደበቀውን የሚቆፍር የተማረ ሰው ነው።

በእስልምናው በኩል ከጄምስ ጎን ሊቀመጥ የሚችለው በ1863 በግላስጎ የተወለደው ደንካን ብላክ ማክዶናልድ ነው። ከ1892 ጀምሮ በአሜሪካ በሃርትፎርድ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ሴማዊ ቋንቋዎችን አስተማረ፤ በ1903 ስለ እስልምና ሥነ መለኮትና ሕግ እድገት፣ በ1909 ደግሞ ስለ ሙስሊሞች መንፈሳዊ ሕይወት፣ ስለ ሕልም፣ ስለ ወልዮችና ስለ ጂን ሰፊ መጻሕፍት አሳተመ። ከዚህ ጎን ለጎን የሺህ አንድ ሌሊት ብራናዎችን ታሪክ ሲከታተል ኖሯል። ጂን በቁርአን ጭስ ከሌለው እሳት የተፈጠረ፣ እንደ ሰው የሚያምንና የሚክድ ፍጡር ነው፤ በእርሱ መኖር ማመን ከቁርአን የመጣ እምነት ነው። ከጠርሙስ ወጥቶ ዓሣ አጥማጁን የሚያስፈራራው የተረቱ ጂን ግን ለጨዋታ የተነገረ ነው። ማክዶናልድ ሁለቱንም አጥንቷል፤ ይሁንና ተረቱን የምሥራቅ ሰው አስተሳሰብ መስተዋት አድርጎ ማየቱ የሥራው ትልቁ ድክመት ነው። የምሥራቅ ሰው የሚታየውን ዓለም በሥርዓት ማዋቀር አይችልም የሚለውን አስተያየቱን ፍልስጤማዊ አሜሪካዊው ምሁር ኤድዋርድ ሰዒድ በ1978 «ኦሪየንታሊዝም» በተሰኘው የታወቀ መጽሐፉ ጠቅሶ ተችቶታል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ አልጀብራንና የሐዲስ ሰንሰለት ምርመራን ስላዳበረ ሥልጣኔ እንዲህ ማለት አይቻልም። ማክዶናልድ ክርስቲያን ሚስዮናውያን በሚሠለጥኑበት ቤት ያስተምር እንደነበርም አንባቢው ማወቅ ይገባዋል፤ ይህ ዕውቀቱን ባይሰርዘውም ከየት ቆሞ ይመለከት እንደነበር ይነግረናል።

የትውፊትና የልቦለድ ድንበር አዋቂንም ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳየው የዓሊ ባባ ጉዳይ ነው። ማክዶናልድ በ1910 ከኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የዓሊ ባባን ታሪክ የዓረብኛ ንባብ አግኝቶ አሳተመ፤ የታሪኩ ጥንታዊ የዓረብኛ ምንጭ የተገኘ መሰለ። በኋላ ሙህሲን ማህዲን የመሰሉ ተመራማሪዎች ዓረብኛው ራሱ የሺህ አንድ ሌሊትን ታሪኮች ወደ ፈረንሳይኛ ከመለሰው ከአንትዋን ጋላን መጽሐፍ የተመለሰ መሆኑን አሳዩ። ጋላን ደግሞ ታሪኩን በ1709 ፓሪስ ውስጥ ከሐና ዲያብ አፍ ሰምቶ ነው የጻፈው። ሐና ዲያብ በሶርያ የሐለብ (አሌፖ) ሰው፣ የማሮናውያን ቤተ ክርስቲያን ክርስቲያን ነበር። ዓለም ሁሉ የእስልምና ዓለም ተረት ምሳሌ አድርጎ የሚቆጥረውን ታሪክ ለአውሮፓ የነገረው ዓረብ ክርስቲያን መሆኑ፣ ተረት የአንድ ሃይማኖት ብቻ ንብረት እንዳልሆነ በግልጽ ያስረዳል።

ወደ ጄምስ ስንመለስ፣ በ1924ቱ መጽሐፉ መግቢያ ስለ ሰበሰባቸው ጽሑፎች ያለው አስተያየት ጠንካራ ነው፦ እነዚህን ጽሑፎች ከአዲስ ኪዳን ያወጣቸው ማንም የለም፤ በራሳቸው ጊዜ ከዚያ ወጥተዋል ይላል። ስለ አብዛኞቹ እስማማለሁ፤ ሕፃኑ ኢየሱስ የገፋውን ልጅ በቃሉ እንደገደለ የሚናገረውን የልጅነት ወንጌል ከአራቱ ወንጌሎች ጎን ያነበበ ሁሉ ልዩነቱን ያያል። ነገር ግን ይህን ፍርድ ከዚያ መጽሐፍ አውጥቶ ከቅዱሳት መጻሕፍት ዳር ባለው ጽሑፍ ሁሉ ላይ መጫን ስህተት ይሆናል። መጽሐፈ ሄኖክ በይሁዳ መልእክት ተጠቅሶ፣ በምዕራቡ ዓለም ጠፍቶ፣ በኢትዮጵያ ግን ቅዱስ መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ የደረሰው በ1773 ነው። በራሱ ጊዜ የወጣ አይደለም፤ አንዱ ቤት ሲተወው ሌላው ቤት ጠብቆታል።

ጄምስ ራሱ ለዚህ ዓይነቱ ጥበቃ ባለዕዳ ነበር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈውና የኃጥአንን ሥቃይ በዝርዝር የሚናገረው የጴጥሮስ ራእይ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቆይቶ በ1880ዎቹ በግብጽ አኽሚም ከፊሉ በግሪክኛ ተገኘ። በ1910 ደግሞ ፈረንሳዊው ሲልቫን ግሬቦ አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ከወሰዳቸው ብራናዎች በአንዱ ያለ የግእዝ ጽሑፍ አሳተመ፤ ይህ የጠፋው ራእይ ሙሉ ንባብ መሆኑን ለይቶ ያሳወቀው ጄምስ ነው። በ1924ቱ ስብስብ ያለው የጴጥሮስ ራእይ ትርጉምም በዋናነት በዚያ አንድ የግእዝ ብራና ላይ የቆመ ነው። ስብስቡ በ1993 ጄ. ኬ. ኤልየት ባዘጋጀው አዲስ እትም ተተክቷል፤ ጄምስን ማጥናት የሚፈልግ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነብ ይጠቅመዋል። የራእዩንም ንባብ በተመለከተ ከጣና ሐይቅ ገዳማት ሁለተኛ የግእዝ ብራና ተገኝቶ ዴኒስ ቡክሆልዝ በ1988 ሁለቱን አስተያይቶ አሳትሟል፤ ጄምስ በግምት ያለፋቸውን ቦታዎች ለማጣራት አሁን መነሻው ይህ እትም ነው።